ማዘር ሞታለች

ገንዘብ የሌለው ሰው ኮምፒውተር ሲገጣጥም መጀመሪያ የሚተወው የሚታየውን ነው። የሚያብረቀርቀው ሣጥን፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጩት ማራገቢያዎች፣ በመስታወት በኩል የሚታየው አንጀት ሁሉ ለሀብታም ልጆች ይቀራል። እኔም ሣጥኑን ከሁሉ አስቀድሜ ተውኩት። ምትኩ ግቢያችን ውስጥ ነበር።

የኮሶዬው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከግብርና ባለሙያዎች ዘመናዊ የንብ ቀፎ ተሰጥቶት ነበር። ንቦቹ ገብተው አዩት፤ አልወደዱትም፤ ወጡ። አጎቴ ንብ የናቀውን ዕቃ ቤቱ ማቆየት ስላልፈለገ በሚኒባስ ጭኖ ወደ ጎንደር አመጣልን። ቁስቋም ባለው ግቢያችን እናቴ ልብስ ስታጥብ ትቀመጥበት ነበር። ጠንካራ እንጨት ነው፤ የአየር ቀዳዳ አለው፤ ክዳኑ ይነሳል። ደግሞ የስልክን አካል ሁላችንም ቀፎ ነው የምንለው፤ ኮምፒውተር ቀፎ ቢኖረው ምን ይገርማል ብዬ ወደ ቤት አስገባሁት። እናቴም ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማጠብ ጀመረች።

ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። ሥራዬ የቤት ፕላን መሣል ነው። አዘዞ በኩል ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች አንዳንዶቹ በእኔ እጅ የተሣሉ ናቸው፤ ደረጃቸው የጠበበው ግን ባለቤቶቹ ሳሎኑ ይስፋልን ስላሉ ነው። ቋሚ ሥራ የሚሰጠኝ አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ ነው። አሮጌው ላፕቶፔ የቢሮውን አዲስ ፕሮግራም ሲያይ ዝም ብሎ ይጠፋ ነበር። ቢሮው ታገሠኝ፣ ታገሠኝና በመጨረሻ አንድ ቀን ደወለ። ሕንፃን ከነጥላው አድርጎ የሚያሳይ ጠንካራ ኮምፒውተር ወሩ ሳያልቅ ካገኘሁ ጎንደር ሆኜ እሠራለሁ። ካላገኘሁ አዲስ አበባ ሄጄ በእነሱ ዕቃ እሠራለሁ።

እናቴ ደግሞ አዲስ አበባ አትሄድም። ጠይቄያታለሁ።

«አዲስ አበባ ማን ይቀብረኛል?» አለች።

«ምነው እማዬ፣ ልትኖሪ ነው እንጂ ልትሞቺ ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«እድር የከፈልሁት እዚህ ነው» ብላ ነገሩን ዘጋችው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ስለዚህ ምርጫዬ በዚህ ዕቃና በዚያ ዕቃ መካከል አልነበረም። ወይ ቀፎው ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር ይገባል፤ ወይ እኔ እናቴን ብቻዋን ትቼ አውቶቡስ ውስጥ እገባለሁ።

ዕቃ የሚያፈላልግልኝና የሚገጥምልኝ ወዳጄ ከድሮ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ ነው። አባቱ ጨርቅ ይሸጣሉ። ልጃቸው ኮምፒውተር እንደሚወድ ሲያዩ ከሱቁ አንዱን ጥግ ለቀቁለት፤ ስለዚህ በአንድ ወገን ጥቅልል ጨርቅ፣ በሌላው ወገን የተበተነ ኮምፒውተር ይታያል። ለሙሽራ ልብስ የመጡ ሴቶች ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን ሽቦ አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ወዳጄ ስለ ዕቃ ሲያወራ የሐኪም አፍ አለው። አንዷ ታማለች፤ ሌላዋ ትቃዣለች፤ ትናንት የሞተችው ዛሬ ነፍስ ዘርታለች። ሁሉም ሴት ናቸው። ማዘርቦርድ የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም፤ ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩባትን ያቺን ትልቅ ሰሌዳ «ማዘር» ብሎ ያቆማታል። ደንበኛ ገብቶ «ማዘር አለች?» ሲል አባትየው ከጨርቁ ወገን ሆነው «ደኅና ናት፣ ቤት ናት» ብለው ይመልሳሉ። የምር ይሁን የቀልድ አላወቅሁም።

ከእሱ ጋር ዕቃ መምረጥ ሚስት ከማጨት አይተናነስም። ፕሮሰሰሯን ከአንድ የፈረሰ የቢሮ ኮምፒውተር አገኘን፤ አርጅታለች ግን ጨዋ ናት አለኝ። ራም ሁለት ገዛን፤ መንታ ስላልሆኑ እንዳይጣሉ ፈርቶ ቀኑን ሙሉ አብረው አሠራቸው። ጥላውን የምታወጣውን የግራፊክስ ካርድ ስንመርጥ የምፈልጋት ከአቅሜ በላይ ሆነች፤ አቅሜ የሚችላት ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነች። መካከለኛዋን ወሰድን። «ፓወር ላይ ግን አትሳሳ» ብሎ ኤሌክትሪክ የምታከፋፍለውን ዕቃ አዲስ አስገዛኝ። የጎንደር መብራት ሲመጣም ሲሄድም አያስታውቅም፤ ባለፈው የእናቴን ሬዲዮ የበላው መምጫው ላይ ነው።

ማዘሯ ያገለገለች ነበረች። ወዳጄ ገልብጦ አያት፤ አሸተታት። «ሽታዋ ደስ አላለኝም» አለ። እኔ ዋጋዋን አየሁና ደስ አለኝ። ሌሎቹን ገዝተን ስንጨርስ ገንዘቤም አብሮ አልቆ ነበር፤ ስለዚህ ሽታዋን ይዛ ገባች። ለጥቂት ቀን እሱ ጋ ተገጥማ እንድትፈተሽ ትቻት ስወጣ ሌላ የስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፤ የእኔ ስልክ እኩለ ቀን ላይ ባትሪው ያልቃል። የእድራችንን ሰብሳቢ ቁጥር ሰጠሁት። ጎረቤታችን ናቸው፤ የእድር ሰብሳቢ ደግሞ ስልክ ሳያነሳ አይውልም።

እናቴ በዚያው ሰሞን ወንድሟን ልትጠይቅ ኮሶዬ ወጥታ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በኋላ አንድ በአንድ ከሰው ሰምቼ ነው የማወራው። እኔ አዘዞ አንድ ቦታ ስለካ ስልኬ ተዘጋ። ወዳጄ ደውሎ ሲያጣኝ ሰብሳቢው ጋ ደወለ። «የልጁን ስልክ አጣሁት፤ እባክዎ ይንገሩልኝ» አላቸው። «ማዘር ሞታለች። ማታ ትንሽ ነፍስ ዘርታ ነበር፤ ጠዋት ግን አልነቃ አለች። ያላደረግሁላት ነገር የለም። ሲመቸው ይምጣና ይውሰዳት።»

ሰብሳቢው የት እንዳለች አልጠየቁም። እናቴ ኮሶዬ መሄዷን ያውቃሉ፤ የደወለው የኮሶዬ ሰው ነው ብለው አሰቡ። የእናቴን ስልክ ሞከሩ፤ አይሠራም። አጎቴ ቤት ስልክ የሚሠራው ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን ይህን እንደ ማረጋገጫ ወሰዱት። ወደ ደዋዩ መልሰው አልደወሉም፤ ለመርዶ መልስ አይደወልም። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ከአዘዞ ሳልመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

እኔም ስልኬን ሰው ቤት ሞልቼ ስከፍተው የወዳጄን መልእክት አገኘሁ። «ማዘር ሞታለች» ይላል። ተናደድኩ፤ በእሱ ሳይሆን በመብራቱ፣ በወሩ፣ በአዲስ አበባው ቢሮ። ከዚያም ፊቴን አጨፍግጌ ወደ ሰፈር ገባሁ።

ሰፈሩ ያን ዕለት ልዩ ነበር። ባለሱቋ ዳቦ ሰጥታኝ ሒሳቡን አልቀበልም አለች። አላፊ አግዳሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። በሬ ላይ ሰብሳቢው ቆመው ጠበቁኝ።

«ስልክ ተደውሎልህ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ መልእክት ደርሶኛል። ማዘር ሞታለች አለኝ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እና እንዴት ሆንክ ልጄ?»

«ምን እሆናለሁ። አሮጌ ናት። እንደማትቆይም ጠርጥሬ ነበር፤ ሽታዋም ደስ አላለንም።»

«ተው! እንዲህ አይባልም።»

«እውነት ነው ጋሼ። አሁን ማልቀስ ምን ያደርጋል፤ ነገ ሌላ እፈልጋለሁ።»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ማዘር። ባሕር ዳር አትጠፋም።»

አማተቡ። ትከሻዬን ያዝ አድርገው ወደ ቤት አስገቡኝና ቶሎ ብለው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ባለቤታቸው ትኩስ ወጥ ይዘው መጡ፤ «ብላ፣ ጉልበት ያስፈልግሃል» ብለው እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ። ጎረቤት ማለት ይህ ነው አልኩ በሆዴ። የኮምፒውተር ነገር እንዲህ የሚገባቸው አይመስለኝም ነበር።

እነሱ ደግሞ በሰብሳቢው ቤት ተሰብስበው መክረዋል። ልጁ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቷል፤ በስልክ የተነገረ መርዶ ስለሆነ ወደ ልቡ አልገባም፤ ጎህ ሲቀድ በሽማግሌ በደንቡ ይነገረው ተባለ። አስከሬኑን የሚያመጡ ሽማግሌዎችም በጠዋት ወደ ኮሶዬ እንዲነሱ ሚኒባስ ተከራዩ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሰዎች ግቢውን ሞልተው ቆመዋል፤ ከፊት የንስሐ አባታችን አሉ። «ምነው? ምን ሆናችኋል?» አልኳቸው። አባታችን እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ለሰው ልጅ ከዚህ የሚቀርለት የለም። እናትህ አርፈዋል።»

ማዘር አላሉም። እናትህ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው በደንብ ትዝ አይለኝም። መሬት ተቀመጥኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያጠበችልኝን ሸሚዝ ለብሼ ነበር፤ እጅጌው ላይ ፊቴን ቀብሬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ቢሮ፣ ስለ ወሩ መጨረሻ ምንም አላሰብኩም። አዲስ አበባ እንዳልሄድ የፈለግሁት ለእሷ ብዬ ይመስለኝ ነበር። ያን ጠዋት ግን ያለ እሷ መኖር የማልችለው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ይህን ለማወቅ ሰው እናቱ እስክትሞት ይጠብቃል፤ እኔ ዕድለኛ ነኝ።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ፤ ሴቶቹ ጓሮ ድስት ጣዱ። እድራችን በዚህ አይታማም። ሽማግሌዎቹን የጫነው ሚኒባስ በደባርቅ መንገድ ሽቅብ ሲወጣ እናቴን የጫነው ሚኒባስ ቁልቁል ይወርድ ነበር። መንገድ ላይ ተላልፈዋል።

እናቴ አንድ ኬሻ ድንች ይዛ ከታክሲ ወረደች። በሯ ላይ ድንኳን ተተክሏል። በዚያ ቤት የቀረ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። የሞተው ማን እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ልጄን! አንድ ልጄን!»

ያን ድምፅ ድንኳን ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። የማለቅስላት ሴት ውጭ ሆና እኔን ታለቅሳለች። ወንበር ገልብጬ ወጣሁ። ነጠላዋ ወድቋል፤ ድንቹ በየአቅጣጫው ይንከባለላል፤ ሰው ሁሉ ደርቆ ቆሟል። ስታየኝ ድምፅዋ ተቋረጠ። ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው፤ ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ፤ ከዚያ ሳመችኝ።

«ምነው? ምነው ልጄ? ሳትሞት ምን ድንኳን አስተከለህ?»

አንገቷ ሥር ተሸጉጬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ለለቅሶ የመጡት ሴቶችም የጀመሩትን ማቋረጥ ስላልቻሉ እሷኑ አቅፈው አለቀሱ። ሰብሳቢው ኬሻው ውስጥ በተረፈው ድንች ላይ ቁጭ አሉ።

«ስልክ ተደወለልኝ እኮ» አሉ ደጋግመው። «ማዘር ሞታለች አለኝ። ልጁም ሰምቻለሁ፣ አሮጌ ናት፣ ነገ ሌላ እፈልጋለሁ አለኝ!»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ለማስረዳት አፌን ስከፍት ወዳጄ በግርግሩ መካከል መጣ፤ በአንድ እጁ የሞተችውን ማዘር በፌስታል አንጠልጥሏል። ገበያ ላይ እናቴ መሞቷን ሰምቶ ሱቁን ዘግቶ ለለቅሶ መምጣቱ ነው፤ እሷንም እግረ መንገዱን ሊያደርስልኝ። ለሟች የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ብሎ ጀመረና እናቴን አያት። ሳይጨርሰው ቀረ።

እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌዎቹ ከኮሶዬ ተመለሱ። አጎቴንና ግማሹን መንደር ጭነዋል። አጎቴ እህቱን በጠዋት በደኅና ሸኝቶ ነበርና መኪና ተገልብጦባት ነው ብሎ ጋቢውን ዘቅዝቆ እየጮኸ ወረደ። እናቴ ጓሮ ሆና ድንች ትልጣለች። «አያ፣ መጣህ? ና ብላ» አለችው። በላ። ሁሉም በላ፤ የተጣደው ድስት ለሐዘን ነው ለደስታ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከምሳ በኋላ ሰብሳቢው ተነሱ። ፊታቸው ገና አልተመለሰም። በሕይወት ባለ ሰው በር ላይ ድንኳን መትከል የእሳቸው ስህተት እንደሆነ ተናገሩ። ቀጥለውም እድሩ ለድንኳንና ለወንበር ማስቀመጫ ዕቃ ቤት ሊሠራ አስቦ የፕላን ማሠሪያ እያጣ እንደቆየ አስታወሱ። ለቀብሩ ተብሎ በወጣው ገንዘብ ለልጁ ሌላ ማዘር ትገዛለት፤ እሱ በእሷ የዕቃ ቤቱን ፕላን ይሣልልን አሉ።

አንድ ደንብ አክባሪ አባል እጁን አነሳ። «ይህ ገንዘብ ለሞት ብቻ ነው የሚወጣው። እዚህ የሞተ ሰው የለም።»

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ማዘር ሞታለች ብላችሁ አይደለም የወጣችሁት?»

«ነው፤ ግን…»

«ሞታለች እኮ። ያቻት፣ ፌስታል ውስጥ።»

ፌስታሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አወጧት፤ ገለበጧት። ወዳጄ የተቃጠለችበትን ጥቁር ቦታ አሳያቸው። አንዱ አሸተታትና ራሱን ነቀነቀ። ደንብ አክባሪውም አይቶ ሲያበቃ «በእውነት ሞታለች» ብሎ ተቀመጠ። ስለዚህ ተፈቀደ።

አዲሷ ማዘር ከባሕር ዳር በሹፌር እጅ መጣች፤ ይቺኛዋ አትሸትም። ወዳጄ ቤታችን መጥቶ ቀፎው ውስጥ ገጠማት። አጎቴ ሊያይ ከኮሶዬ ወርዶ ነበር። ማብሪያዋን ስንጫን ማራገቢያዋ እም… ማለት ጀመረች። አጎቴ ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ አዳመጠና «ሸጋ ነው፤ አሁን ገብተዋል» አለ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የእድሩ ዕቃ ቤት ሆነ። ከነጥላው፣ ከነበሩ፣ ወንበሮቹ ተደራርበው አወጣሁት። በዚያው ሳምንት ለአዲስ አበባው ቢሮም ሥዕል ላክሁ፤ እዚያው ሁን ብለው መለሱልኝ። እናቴ ይህን ስነግራት «ደግ» አለችና ልብስ ልታጥብ ወጣች። ለእሷ ዝቅ ያለ በርጩማ ገዝቼላት ነበር፤ ድንጋዩ ይሻለኛል ብላ ተወችው።

ሰብሳቢው ፕላኑን ሊወስዱ መጡ። ስክሪኑ ላይ ዕቃ ቤቱን እያዞርኩ አሳየኋቸው፤ ድንኳኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ሲያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ በር ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ታያለች። ለመውጣት ሲነሱ አስቆመቻቸው።

«አያ፣ አንድ አደራ አለኝ።»

«ምን?»

«እኔ የሞትሁ ለት ለልጄ ‹እናትህ› ብላችሁ ንገሩት። ‹ማዘር› ያላችሁት እንደሆነ ሌላ ሊፈልግ ይሄዳል።»